ክቡር አቶ ትንሽ ነገርና ጠማማው ጠመንጃ

በየቤቱ አንድ አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትል ሴት ካለች ወይ አላገባችም፣ ወይ ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር አይታ አታውቅም። የተሰበረ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ፣ ሰው የጣለውን እንደ ጠፋ ልጁ አቅፎ ወደ ቤት የሚገባ፣ «ደግሞ ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉት «ምንም አልሆነ፤ ትንሽ ነገር ብቻ ነው» የሚል ወንድ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሲሞት ሌላው ዕቃውን ይወርሳል፤ ዘሩ አይጠፋም።

የኔ ድርሻ ባለቤቴ ነው። ሰፈሩ የወጣለትን ስም ከረሳው ቆየ፤ ክቡር አቶ ትንሽ ነገር ነው የሚሉት። ጡረታ እስኪወጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የብረት ፊደል ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚደረደረው፤ እና ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዓለምን በግልባጩ ሲያነብ ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ዓለም ቀጥ ብላ ጠበቀችው። አልተመቸችውም።

ከጠገናቸው ዕቃዎች ጥቂቱን ልቁጠር። አየር መንፋት ትቶ አየር የሚስብ ማራገቢያ አለን፤ አንድ ቀን የስልክ ቁጥር የጻፍኩበትን ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ ስቦ ዋጠብኝ። ወደ ኋላ የሚሄድ የግድግዳ ሰዓት አለን። «ይሄ ምን ያደርግልናል?» ስለው «አንቺን ወደ ሃያ ዓመትሽ ይመልስልኛል» አለኝ። ሰዓቱ እንደተሰቀለ ቀረ። አንድ እግሩ ያጠረ ወንበራችን ላይ እንግዳ ሲቀመጥ «ወደ ግራ እንዳይደገፉ» እንላለን። የጎረቤቶቻችንን የበር ቁልፍማ እንዲያው አጥብቆ ከመጠገኑ የተነሳ ሰዎቹ ሁለት ቀን በመስኮት ሲገቡና ሲወጡ ሰነበቱ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሳሎን ጥግ የቆመው ሬዲዮ ነበር። ትልቅ የልብስ ሣጥን ያህላል፤ ድምፅ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። ስንጋባ ይዞት የመጣ ነው። ልጥለው ስነሳ ይቆጣል። ልወለውለው ስቀርብ «እሱን ተይው» ይላል። ለምን አትጠግነውም ስለው መልሱ ያው ነው፤ «ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ጊዜው ገና ነው።» አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ጊዜው ገና ነበር።

እንግዲህ ክቡርነታቸው ነክተው መጠገን ያልቻሉት አንድ ነገር ቢኖር የገዛ ስማቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ሳንጋባ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሜዳ ላይ ባዛር መጣ። እናቴ ብቻዬን አትለቀኝምና ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ጠባቂ አድርጋ አስከተለችን። ባዛሩ ውስጥ በንፋስ ጠመንጃ ዒላማ የሚመታበት ድንኳን ነበረ። ሦስት የኖራ ወፎች ሽቦ ላይ ተደርድረዋል፤ ሦስቱንም ለመታ ሽልማት አለ። ከሽልማቶቹ መሃል ሆዱ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ሰማያዊ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተቀምጦ ነበር። አየሁት እንጂ ምንም አላልኩም። እሱ ግን ሳየው አየኝ።

«መትቼ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

ሰደፉ ላይ የተቃጠለ ግማሽ ጨረቃ ያለበትን ጠመንጃ አነሳና ዘጠኝ ጊዜ ተኮሰ፤ ዘጠኝ ጊዜ ሳተ። ወፎቹ ንቅንቅ አላሉም። ዘጠነኛዋ በስተግራ የተንጠለጠለውን የባለድንኳኑን ፋኖስ ሰበረች። እትዬ እንዳትወድቅ የድንኳኑን ገመድ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲብስባት ገመዱን ሳበችውና ድንኳኑ ራሱ ዘመመ። የዛሬው ባለቤቴ ጠመንጃውን በቀስታ አስቀመጠና «ጠማማ ነው፣ ጠመንጃው» አለ።

«ጠመንጃማ ስሙ ራሱ ከጠማማ ነው የመጣው» አለችው እትዬ እንባዋን እየጠረገች። «አንተ ከማን መጣህ?»

ይቺ ቀን አርባ ስድስት ዓመት ኖረች። ሠርጋችን ላይ ተነገረች። ወንድ ይሆናል ብሎ ሴት ልጅ ስንወልድ እትዬ ሕፃኗን አቅፋ «ይኸው፣ እዚህም ሳተ» አለች። ሚስማር ሲመታ፣ ቁልፍ ወደ ቀዳዳ ሲያስገባ፣ ሻይ ሲቀዳ ከጎኑ ሆና «ወደ ግራ ሳተች» ትላለች። በዕድሜ አራት ዓመት ይበልጣታል፤ አንድ ቀን ግን «አንቱ» ብላው አታውቅም። አንተ ነው የምትለው፣ እንደ ብጤዋ። ለምን ስትባል «ያልመታ አንቱ አይባልም» ትላለች። እሱም በበኩሉ አንድ ቃል ጨምሮ አያውቅም፤ «ጠማማ ነው፣ ጠመንጃው» ይላል፣ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታው ውስጥ ግን እንደ ጥርስ ሕመም የሚነዘንዝ ነገር እንዳለ እኔ አውቅ ነበር። አብሬው አይደል የምኖረው?

ባለፈው ዓመት ለመጥበሻ እጀታ ሊፈልግ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ሄደ። እኔ አብሬው የሄድኩት ሌላ ነገር እንዳይገዛ ልጠብቀው ነው። ሁለት መነጽር ያለው፣ አንዱን ዓይኑ ላይ አንዱን ግንባሩ ላይ ያደረገ ነጋዴ ሱቅ ፊት ስንደርስ ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሱቁን የሸራ ጥላ ደግፎ ያቆመውን ምሰሶ ነው የሚያየው። ጠጋ ብዬ ሳይ ምሰሶው ጠመንጃ ነው። ሰደፉ ላይ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ፣ ያው የተቃጠለ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ምልክት አለበት።

«እሱ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ጠማማው።»

ሰው ዕቃ ሲገዛ ያጣጥላል። «ዝጓል፣ አርጅቷል፣ ማን ይወስድልሃል» ይላል። የኔው ጌታ ግን ማሞገስ ጀመረ። ሰደፉን ተመልከቺ፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይመጣል። ብረቱን ተመልከቺ፤ የድሮ ብረት እኮ ነው። ነጋዴው እስካሁን ምሰሶ ያደረገው ነገር ይህን ያህል ውድ መሆኑን ገና መስማቱ ነበርና ሁለተኛውን መነጽር ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። ባለቤቴ ባመሰገነ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። ቆነጠጥኩት፤ አልገባውም። ነጋዴው ግን አየኝና «ይተዉት እማማ፣ ይናገሩ፤ ደስ ይላል» አለኝ። በመጨረሻ ሻጩ ገዢውን «ለመሆኑ ይተኩሳል?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴም እንደ ሐኪም አፈሙዙን ዳሰሰና «ትንሽ ነገር ብቻ ነው የጎደለው» አለ።

ተስማሙ። ጠመንጃው ሲነሳ የሸራው ጥላ በሦስታችንም ራስ ላይ ወረደ። ከሸራው ሥር ጨለማው ውስጥ ባለቤቴ ሲስቅ ሰማሁት። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ብዙ ዘመኔ ነው።

በአንሶላ ጠቅልለን በአውቶቡስ ይዘነው መጣን። አንዲት ሴት ምንድን ነው ብትለው የመጋረጃ ዘንግ ነው አላት፤ ግን እንደ ሙሽራ አቅፎት ነበርና ሴትዮዋ እስክትወርድ ድረስ ዓይኗን ከላዩ አላነሳችም። እቤት ስንገባ ለእትዬ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። እትዬ ሁለት መንገድ አልፋ ነው የምትኖረው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እኛ ጋ ናት።

አሠራሩን እኔንም አስተማረኝ። ጠመንጃው ከመሃሉ እንደ ክርን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ሆዱ ውስጥ ያለው ሞላ፣ ያ የብረት ጥቅልል፣ ይጨመቃል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ይፈነጠራል፤ ሞላው ንፋሱን ይገፋል፤ ንፋሱ እርሳሷን ይገፋል። ባሩድ የለው፣ ጭስ የለው። «ታዲያ የሚተኩሰው ሰው ነው ወይስ ንፋስ?» አልኩት። «ሞላው ነው» አለኝ በኩራት። ሳምንት ሙሉ ከሞላ በቀር ወሬ አልነበረንም።

ከዚያ እርሳስ ግዢልኝ አለኝ። ሄጄ ገዛሁ። ባለሱቁ ባለ ላጲስ ነው ያለ ላጲስ አለኝ፤ ለዚህ ሁሉ ለፍቶ ደህናውን ቢያገኝ አይሻልም ብዬ ባለ ላጲሱን፣ አንድ ደርዘን፣ ተቀርጾ የተሳለውን አመጣሁለት። ጥቅሉን ፈታው። አንድ በአንድ አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሳስ አላልክም?»

«ብረቱን እርሳስ ነው እንጂ፣ የሚተኮሰውን። ይሄ የተማሪ ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?» አልኩት። «በላጲሱ የሳትከውን ታጠፋበታለህ።»

እስከ እራት አኮረፈኝ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ከስፖርት ዕቃ መደብር አንድ ቆርቆሮ ሙሉ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች የብረት እርሳስ ይዞ መጣ። ጓሮ ወጣን። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያጥፈው ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ግው አለ፤ ከዚያ ሲነቀንቁት ማንኪያ የሞላው ከረጢት ይመስል መንኳኳት ጀመረ። ሞላው ተሰብሯል። እኔ ደንግጬ ሳየው እሱ ፈገግ ብሎ ነበር። ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ጠመንጃው መንገድ ጥግ ላይ ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ተወሰደ። በማግስቱ እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ስልክ ጠራ። እትዬ ሳሎን ተቀምጣ ነበርና አነሳችው። ብስክሌት ጠጋኙ ነው። ያለው ይህንኑ ነው፤ «ለጋሼ ይንገሩልኝ፣ ሞላ አልተረፈም። ሲመጣም ተሰብሮ ነው የመጣው። በጣም አዝናለሁ።»

እትዬ ስለ ጠመንጃው አታውቅም። ሞላ ደግሞ የብረት ጥቅልል ብቻ አይደለም፤ የሰውም ስም ነው። ሻርፗን በራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ጓሮ መጣችና «እስቲ ልብሱን ተይውና ተቀመጪ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲባል መርዶ መምጣቱን ያውቃል። እርጥብ አንሶላ እንዳቀፍኩ ተቀመጥኩ።

«ሞላ» አለችኝ። «ተሰብሮ ነው አሉ የመጣው። ሊያተርፉት አልቻሉም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሷም አገዘችኝ። ሞላ ማለት ምን እንደሆነ ሳምንት ሙሉ ሲነገረኝ ከርሟል፤ ግን እህቷ እያለቀሰች ብረት የሚታያት ሴት የት አለች? መሃል ላይ ትዝ ሲለኝ የትኛው ሞላ ነው አልኳት። የባልሽ ወገን እንጂ እኔ በምን አውቄ አለችኝ፤ «ለጋሼ ይንገሩ» ነው የተባለችው። በባሌ ወገን ሞላ የሚባል ሰው አላስታውስም። ሰው ከሞተ በኋላ አላውቀውም ማለት ነውር መስሎኝ ማልቀሴን ቀጠልኩ።

በዚህ መሃል ክቡርነታቸው ገቡ። እትዬ ተነስታ ትከሻውን ያዘችው፤ በአርባ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

«አይዞህ፣ ጠንከር በል» አለችው። «ሞላ አርፏል።»

ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀ። ትንሽ አሰበ።

«ምንም አይደል» አላት። «ሌላ እናስገባለን። ከአሮጌው ሶፋ ውስጥ ሁለት ሦስት ሞላ አይጠፋም።»

እትዬ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች። እሱን አየች፣ እኔን አየች። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሩ ገብቶኝ አንሶላውን አፌ ላይ ይዤ እየሳቅኩ ነበር፤ ለቅሶ መስሏት ልታባብለኝ ሞከረች። ከዚያ በኋላ ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረም። ጠመንጃውም፣ ግማሽ ጨረቃውም፣ የባዛሩም ነገር ሁሉ ወጣ። እትዬ ለሞላ ያፈሰሰችውን እንባ በሳቅ እንባ አስመለሰች።

ስቃ ስትጨርስ ግን ኮስተር አለች። በሚቀጥለው ረቡዕ ልጇ ዘንድ፣ ሩቅ ከተማ፣ ጠቅልላ ልትሄድ ነበር። ዕቃዋም ታስሯል። ከእንግዲህ መገናኘታችን በስልክ ነው።

«እሑድ እመጣለሁ» አለችው። «ሦስት ቆርቆሮ አቁምልኝ። በዚያው ጠመንጃ፣ በሦስት ጥይት። ከመታህ አንቱ እልሃለሁ፤ ጠመንጃውም ያኔ ጠማማ ነበር ብዬ በአፌ እመሰክራለሁ። ከሳትክ ግን አንተን እንዳልኩህ እሄዳለሁ፤ የልጅ ልጆቼም አንተ ይሉሃል።»

«እሺ» አለ። የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ብስክሌት ጠጋኙ የሶፋውን ነገር ሰምቶ ሲስቅ ዋለና ከቶርኖ ቤት ደህና ሞላ አስጠምዝዞ ገጠመለት። ባለቤቴ የጓሮውን ግድግዳ አሮጌ ፍራሽ አለበሰው፤ ከፊቱ ሳንቃ ላይ ሦስት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ደረደረ፤ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቆጠረና መለማመድ ጀመረ። ሐሙስ ሲተኩስ ዋለ። ዓርብ ሲተኩስ ዋለ። ቆርቆሮዎቹ ላይ ዝንብ እያረፈችባቸው ትነሳ ነበር እንጂ ሌላ የነካቸው የለም። ማታ ማታ ጠመንጃውን በጨርቅ እየወለወለ «ጠማማ እኮ ነው፤ ምን ላድርግ» ይለኛል፤ የልጅ ድምፅ ነበር ድምፁ። እሑድ ቢስት እትዬ ስቃ ትሄዳለች፤ ሁለቱም ከእንግዲህ ወጣት አይደሉም፤ ሌላ እሑድ አይኖርም።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሲላጭ ወደ ፍራሹ ሄጄ ቀዳዳዎቹን አየሁ። እኔ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት ነው የኖርኩት፤ ስህተት ስመለከት ዓይኔ ይከፈታል። ሰው ዝም ብሎ ሲስት በየቦታው ነው የሚስት። እነዚህ ቀዳዳዎች ግን ሁሉም ከቆርቆሮዎቹ በስተግራ፣ እኩል እኩል ርቀት ላይ ተሰብስበዋል። እንዲህ ያለው ስህተት አይባልም፤ ልማድ ነው። ሜትሬን አወጣሁና ከቆርቆሮው እስከ ቀዳዳው ለካሁ።

ከዚያ ሲተኩስ ከጎኑ ቆሜ ፊቱን አየሁት። ዒላማውን ሳይሆን ፊቱን ያየ ሰው እስከዛሬ አልነበረም ማለት ነው። ጠመንጃውን ቀኝ ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ቀኝ ጉንጩን ያስጠጋል፤ ከዚያ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በግራው ያያል። መጨፈን ያለበት ግራውን ነበር። ዓለምን በግልባጩ ሲያነብ የኖረ ሰው! ጠመንጃው ምንም አልሆነም። ጠማማው እሱ ነው፤ ያኔም እሱ ነበር።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ብነግረው ይመታል። ከመታ ግን ጠመንጃው ቀና ነበር ማለት ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት የያዛትን ያቺን አንዲት ቃል ከእጁ ልነጥቀው ነው። ባልነግረው ደግሞ ይስታል። ወይ ቆርቆሮውን ይመታል ወይ ቃሉን ያድናል፤ ሁለቱን ማግኘት አይችልም። ማራገቢያው ፊት ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ሻርፔን ስቦ ዋጠው።

ዘይት ይቀባልህ ብዬ ጠመንጃውን ተቀበልኩትና ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሄድኩ። ጠጋኙ ልጅ ሦስት ባዶ የዘይት ጣሳ አቁሞ ሦስቱንም ቷ፣ ቷ፣ ቷ አደረጋቸው።

«እማማ፣ ይሄ ጠመንጃ እኔ ሱቅ ካሉት ብስክሌቶች ሁሉ ቀና ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አጣምልኝ።»

መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ሜትሬን አሳየሁት፤ ይህን ያህል ወደ ግራ የሚስት ሰው አለኝ፤ እሱ ወደ ግራ የሚጎትተውን ያህል አንተ ወደ ቀኝ አስጎትትልኝ፤ እጅጌ እንደ ማጥበብ ቁጠረው አልኩት። ደህናውን ዕቃ አላበላሽም፣ ሙያዬ አይፈቅድልኝም ብሎ ተከራከረኝ። ያኔ እኔ ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ አርባ ስድስት ዓመት የተማረርኩበትን ቃል ተናገርኩ።

«ምን አለበት ልጄ፣ ትንሽ ነገር ብቻ ነው።»

ልጁ ሳቀና አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ጉብታ በመዶሻ ነካ ነካ አደረጋት።

እሑድ እትዬ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። አንድ እግሩ ያጠረው ወንበር ላይ፣ ወደ ቀኝ ተደግፋ፣ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ባለቤቴ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ወጣ። ጠመንጃውን አጠፈ። ትከሻው ላይ አደረገ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ።

ቷ። አንደኛዋ ቆርቆሮ ተገለበጠች።

እሱ ራሱ ቆርቆሮዋን አላመናትም፤ ቀና ብሎ አያትና እንደገና ጠመንጃውን አጠፈ። ቷ፤ ሁለተኛዋ ሄደች። ሦስተኛዋ ላይ በጣም ስለዘገየ እትዬ ሳታውቀው ከወንበሩ ተነስታ ቆማ ነበር። ቷ። ቆርቆሮዋ ፍራሹን መትታ እየተንከባለለች መጥታ ከእግሯ ሥር ቆመች።

እትዬ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ቀዳዳዋን በጣቷ ለካች። «ወዲህ በለው እስቲ» ብላ ጠመንጃውን ተቀበለችው። ቆርቆሮዎቹን መልሳ ደረደረች። እትዬ ዓይኗ እስከዛሬ መርፌ ያለ መነጽር ታስገባለች፤ ስታነጣጥር አየኋት፣ የጨፈነችው ትክክለኛውን ዓይን ነው። ተኮሰች። በስተቀኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ጓ አለ። እንደገና ተኮሰች፤ ጓ። ሦስተኛም ጓ። ሳፋው ከሚስማሩ ወርዶ ጓሮውን ዞረና ተገለበጠ።

ባለቤቴ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በጣም በቀስታ፣ «ጠማማ ነው፣ ጠመንጃው» አለ።

እትዬ ሳፋውን አየች። ፍራሹ ላይ በስተግራ የተሰበሰቡትን የሐሙስና የዓርብ ቀዳዳዎች አየች። «ያኔ ወደ ግራ አልነበር የሚስተው?» አለች።

«ያኔማ ልጅ ነበር» አላት ባለቤቴ። «ሰውም ጠመንጃም ሲያረጅ ይዞራል።»

እህቴ ሞኝ አይደለችም። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች፤ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየችው፣ ከዚያ ዓይኔን። እኔ ሳፋዬን ላነሳ ሄድኩ። ዞር ስል እትዬ ጠመንጃውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለባለቤቴ እየመለሰችለት ነበር።

«ጠመንጃው ጠማማ ነው» አለች። «ያኔም ጠማማ ነበር። አንቱ ልክ ነዎት።»

ባለቤቴ ጠመንጃውን ተቀበለ። ቤት ገባ። ሳሎን ውስጥ እንጨት ሲንቋቋ፣ ብሎን ሲወድቅ ሰማን። ገብተን ብናይ ያንን ሬዲዮ ከግድግዳው አርቆ የጀርባ ሳንቃውን ፈትቶታል። ሆዱ ባዶ ነው። አንድ ሽቦ እንኳ የለበትም። ባዶው ሆድ ውስጥ በቢጫ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል።

ባዛሩ በፈረሰ ማግስት ወደ ሜዳው ተመልሶ ከባለድንኳኑ ለምኖ ገዝቶት ነበር፤ የዚያን ቀን ነው የነገረን። ገዝቶ ሊሰጠኝ አልፈለገም። መትቼ አመጣልሻለሁ ነበር ያለኝ፤ አልመታም፤ ስለዚህ እስኪመታ ደበቀው። ሰማያዊ ነው። ሆዱ ላይ ነጭ አበባ አለበት። ጋዜጣውን እትዬ ከእጄ ተቀብላ ፈታችልኝ።

«አፍንጫው ላይ ትንሽ ነገር አለበት» አለኝ እያፈረ። «ያኔ ሳወጣው ወድቆብኝ ነው።»

እትዬ ረቡዕ ሄደች። ስልክ ስትደውል ዛሬም መጀመሪያ የምትጠይቀው «እሳቸው ደህና ናቸው?» ብላ ነው፤ ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሜትርሽስ ደህና ነው?» ትለኛለች። ሁለታችንም ከዚያ አልፈን አንናገርም። ጠመንጃው ከሬዲዮው በላይ ተሰቅሏል፤ ሬዲዮው በቅርቡ ይጠገናል ተብሏል።

ከሰዓት በኋላ ክቡር አቶ ትንሽ ነገር በሰማያዊው ማንቆርቆሪያ ራሱ ይቀዳልኛል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም። አፍንጫው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎብጧል፤ ሻዩ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ እሱ ማንቆርቆሪያውን ሲያነሳ፣ እንዳያየኝ አድርጌ፣ ብርጭቆዬን ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋለሁ።